የሕክምና ተመራማሪን ጥቀሳና ትብብር በምን እንለካ? ስድስት የመረጃ ቋቶች ጎን ለጎን

የአንድ የሕክምና ተመራማሪ ኤች ኢንዴክስ (ለምሳሌ 9 ቢሆን፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ ዘጠኝ ጊዜ የተጠቀሱ ዘጠኝ ጽሑፎች አሉት ማለት ነው) ስንት ነው? ያው ሰው በጉግል ስኮላር 14፣ በስኮፐስ 9፣ በዌብ ኦፍ ሳይንስ 7 ሊሆን ይችላል፤ አንዱም ውሸት አይደለም። እያንዳንዱ የመረጃ ቋት የሚቆጥረው ራሱ የሰበሰባቸውን ጽሑፎች ብቻ ነው። ጭቅጭቁ የሚነሣው አንዱ አመልካች 14ን ከአንዱ ቋት፣ ሌላው 9ን ከሌላው ወስደው በአንድ የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴ ፊት ሲቀርቡ ነው።

ይህ ንጽጽር ለኮሚቴ አባላት፣ ለምርምር ዲኖችና የራሳቸውን ማኅደር ለሚያዘጋጁ ሐኪሞችና የጤና ተመራማሪዎች የተዘጋጀ ነው። የማንንም ምርት ለማሞገስ አልተነሣሁም። ሁሉም ቋቶች ቀዳዳ አላቸው፤ ጥያቄው የትኛው ቀዳዳ ለእናንተ ጉዳይ አይጎዳም የሚለው ነው።

መመዘኛዎቹ

መጀመሪያ የሚታየው ሽፋን ነው፤ ቋቱ የአገር ውስጥ ጆርናሎችን፣ የቆዩ ሥራዎችንና ቅድመ ሕትመቶችን ይይዛል ወይ? ሁለተኛው ማንነት ነው፤ ሁለት ሰዎችን አንድ፣ አንዱን ሰው ሁለት አድርጎ ይቆጥራል ወይ? ሦስተኛው ዘርፍንና ዕድሜን ማመዛዘኑ ነው። የካንሰር ምርምር በብዙ ሺህ ሰው ይነበባል፣ ይጠቀሳል፤ የፖዶኮኒዮሲስ (ከአፈር ጋር የተያያዘ የእግር እብጠት) ተመራማሪ ግን የሚጠቅሰው ጥቂት ባልደረባ ነው ያለው። ሁለቱን በጥሬ ቁጥር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው። አራተኛው፣ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ ድርሻ ነው፤ ሰውየው ጥናቱን መርቷል ወይስ ከሁለት መቶ ስሞች አንዱ ነው? ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ሌላ ሰው ደግሞ ማረጋገጥ መቻሉና ዋጋው ይመጣሉ።

ከእነዚህ ሁሉ ለእኛ ሰው ከባዱ ማንነት ነው፤ ስለዚህ ከቋቶቹ በፊት እርሱን ላንሣ።

ስሙ ካልጠራ ቁጥሩ አይጠራም

እነዚህ ቋቶች የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላለው ሰው ነው። እኛ ዘንድ ሁለተኛው ስም የአባት ነው። ስለዚህ እንዶድ የቢልሃርዝያን ትል የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል ያገኙት ዶክተር አክሊሉ ለማ በፐብሜድ (የሕክምና ጽሑፎች ማውጫ) «ለማ አ.» ተብለው ይመዘገባሉ። በዚህ አሠራር አበበ ለማ፣ አልማዝ ለማና አማኑኤል ለማ ሁሉም አንድ ሰው ይመስላሉ። የአክሊሉን የሥራ ባልደረባ የለገሠ ወልደ ዮሐንስን ስም ደግሞ ተመልከቱ። «ወልደ ዮሐንስ» በላቲን ፊደል አንዴ ተያይዞ፣ አንዴ በሰረዝ፣ አንዴ ተነጣጥሎ ሊጻፍ ይችላል። ሲነጣጠል ማሽኑ «ዮሐንስ»ን የቤተሰብ ስም ያደርግና «ወልደ»ን ወደ አንድ ፊደል ያሳጥረዋል። ጸሐፊው በኋለኛ ሥራዎቹ የአያቱን ስም ከጨመረ ደግሞ በቋቱ ውስጥ ሌላ ሰው ሆኖ ይወለዳል።

የተቋም ስምም እንዲሁ ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚሠራ ሐኪም በአንዱ ጽሑፍ የሆስፒታሉን ስም በአማርኛ አጠራር፣ በሌላው በእንግሊዝኛ ፍቺው፣ በሦስተኛው የጤና ሳይንስ ኮሌጁን፣ በአራተኛው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ብቻ ይጽፋል። የትብብር ካርታ የሚሠራው ሶፍትዌር እነዚህን እንደ አራት ተቋማት ወስዶ፣ በአንድ ኮሪደር ላይ የሚሠሩ ሰዎችን «የተቋማት ትብብር» ብሎ ሊያሳይ ይችላል።

መድኃኒቱ ኦርኪድ ነው። በጥቅምት 2012 እ.ኤ.አ. የተጀመረ፣ ለተመራማሪው ነጻ የሆነ ባለ 16 አሐዝ መለያ ነው። ጥቀሳ አይቆጥርም፤ ስለዚህ ከታች ካሉት ቋቶች ጋር አይወዳደርም፤ ከሁሉም በፊት ይቀድማል። መለያውን ስታወጡ ስማችሁ የተጻፈባቸውን የላቲን አጻጻፎች ሁሉ በ«ሌላ ስም» ቦታ አስገቡ፣ የጽሑፎቻችሁን ዲኦአይ (የእያንዳንዱ ጽሑፍ ቋሚ መለያ) ቁጥሮች አያይዙ፣ ከዚያም በስኮፐስ የተበተኑ የራሳችሁን መዝገቦች እንዲያዋሕዱላችሁ ጠይቁ። ይህ ጥያቄ ክፍያ የለውም። ይህን ሳያደርጉ ኤች ኢንዴክስ መጻፍ የአባወራውን ግማሽ ቤተሰብ ትቶ ሕዝብ እንደመቁጠር ነው።

ጉግል ስኮላር፦ ሰፊና ልቅ

በኅዳር 2004 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ጉግል ስኮላር ከሁሉም ሰፊ መረብ ይጥላል። የዩኒቨርሲቲ መመረቂያ ጽሑፍ፣ ቅድመ ሕትመት፣ የጉባኤ ጥራዝ፣ ሌሎች ቋቶች ያልመዘገቡት የአገር ውስጥ ጆርናል፣ ሁሉም ይገባበታል። ስለዚህ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ይበልጣል። በአገር ቤት ችግሮች ላይ ለሚሠራ የኅብረተሰብ ጤና ተመራማሪ ይህ ስፋት እውነተኛ ጥቅም ነው፤ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤትን ሪፖርት የጠቀሰ የመመረቂያ ጽሑፍ በሌላ ቦታ አይቆጠርም።

ልቅነቱ ግን ዋጋ አለው። ምን እንደሚያካትትና ምን እንደሚተው ዝርዝር አያወጣም። ራስን መጥቀስን ለይቶ አያወጣም። የተመራማሪው ገጽም የሚከፈተው በባለቤቱ ስለሆነ የሌላ ሰው ጽሑፍ ሳይታረም ሊቆይ ይችላል። በ2012 እ.ኤ.አ. የስፔን ግራናዳ ተመራማሪዎች ጨርሶ የሌለ ደራሲ ፈጥረው፣ የራሳቸውን ሥራዎች የሚጠቅሱ የሐሰት ጽሑፎችን በዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ ላይ ሰቀሉ፤ ጉግል ስኮላርም ተቀብሎ ቆጠረላቸው። ኮሚቴ ከዚህ ቋት የመጣን ቁጥር ሲቀበል ዝርዝሩን አንድ በአንድ መመልከት አለበት። ጊዜ ከሌለው አይቀበል።

ስኮፐስ፦ የኮሚቴዎች ምርጫ

የኤልዘቪየር ንብረት ነው፤ እርሱም በ2004 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። ጆርናል የሚገባበት በምርጫ ነው፤ ለያንዳንዱ ደራሲም መለያ ቁጥር ይሰጣል። ራስን መጥቀስን ማውጣት ይቻላል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን በዘርፍ የተመዘነው የጥቀሳ መለኪያው ነው፤ ጽሑፉ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ዘርፍና በዚያው የጽሑፍ ዓይነት ከሚጠበቀው ጋር ይነጻጸራል። 1.00 የዓለም አማካይ ነው፤ 1.50 ከአማካዩ በ50 በመቶ የበለጠ ተጠቅሷል ማለት ነው። የቆዳ ሐኪሙንና የካንሰር ሐኪሙን ጎን ለጎን ለማስቀመጥ ይህ ከጥሬ ቁጥር እጅግ ይሻላል። ጥቂት ጽሑፍ ላለው ሰው ግን አንድ ብዙ የተጠቀሰ ሥራ አማካዩን ወደ ላይ ይሰቅለዋል።

ያለ ክፍያ የደራሲን ስም ፈልጎ አጠቃላይ ቁጥሩን ማየት ይቻላል፤ ጥልቅ ትንተና ግን ምዝገባ ይፈልጋል። የዩኒቨርሲቲያችሁን ቤተ መጻሕፍት በሪሰርች ፎር ላይፍ (ለታዳጊ አገሮች ተቋማት ጽሑፎችን በነጻ ወይም በቅናሽ የሚያቀርብ ፕሮግራም) በኩል ምን እንደሚከፈትላችሁ ሳትጠይቁ ከኪሳችሁ ለመክፈል አትቸኩሉ።

እግረ መንገዴን፦ በየዓመቱ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ገጾች ላይ «ከዓለም ሁለት በመቶ ምርጥ ሳይንቲስቶች» እየተባለ የሚከበረው ዝርዝር የሚሠራው ከስኮፐስ መረጃ ነው። በስታንፎርዱ ጆን ዮአኒዲስና ባልደረቦቹ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ ብቻውን፣ በመጀመሪያ ወይም በመጨረሻ ደራሲነት የጻፈውን ለይቶ ይመዝናል፤ ራስን መጥቀስንም ያሳያል። ስለዚህ ከጥሬ ኤች ኢንዴክስ የተሻለ ነው። ይሁንና የሕይወት ዘመኑና የአንድ ዓመቱ ዝርዝር የተለያዩ ናቸው፤ የትኛው እንደሆነ ያልተጻፈበት የእንኳን ደስ አላችሁ ማስታወቂያ ጎደሎ ነው።

ዌብ ኦፍ ሳይንስ

የዚህ ቋት ሥር ዩጂን ጋርፊልድ በ1964 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የሳይንስ ጥቀሳ ማውጫ ነው። ዛሬ በክላሪቬት እጅ ነው። አመራረጡ ጥብቅ ነው፤ ወደ ኋላ እስከ 1900 እ.ኤ.አ. ስለሚዘልቅ ለቆዩ ሥራዎች ጥሩ ነው፤ ተቋሙ የገዛው ምዝገባ እስከዚያ ከደረሰ ማለቴ ነው። ለግለሰብ የማይገዛ ውድ ነገር ሲሆን፣ ነጻ የተመራማሪ ገጽ ግን መክፈት ይቻላል። የአንድ ጆርናል ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚያሳየውን ኢምፓክት ፋክተርን የሚያወጣው ይኸው ድርጅት ነው። ኢምፓክት ፋክተር የጆርናል መለኪያ እንጂ የሰው መለኪያ አይደለም፤ በተመራማሪ ማኅደር ላይ የጆርናሎችን ኢምፓክት ፋክተር ደምሮ ማቅረብ ምንም ትርጉም የሌለው ሒሳብ ነው።

ኦፕንአሌክስ፦ ነጻና ክፍት

ማይክሮሶፍት የራሱን የምርምር መረጃ ቋት በ2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሲዘጋ፣ አውርሪሰርች የተባለው ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት በጥር 2022 ኦፕንአሌክስን ከፈተ። ስሙን ያገኘው ከጥንቱ የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ነው። መረጃው ለማንም ክፍት ነው፤ አውርዶ መተንተን፣ ማጣራት፣ ለሌላ ማካፈል ይቻላል። የፓሪሱ ሶርቦን ዩኒቨርሲቲ የዌብ ኦፍ ሳይንስ ምዝገባውን ትቶ ወደዚህ ዞሯል፤ የላይደን ዩኒቨርሲቲም በዚሁ መረጃ ላይ የተመሠረተ የደረጃ ዝርዝር ያወጣል።

ድክመቱ ከላይ ያልነው ነው፤ ደራሲን ከደራሲ የሚለየው ማሽን ስለሆነ ተመሳሳይ ስሞችን ያደባልቃል፣ አንዱን ሰው ይከፋፍላል። በኢትዮጵያ ስሞች ላይ ይህ ሲባዛ አስቡት። ስለዚህ በስም ሳይሆን በኦርኪድ ቁጥር ወይም በዲኦአይ ዝርዝር ፈልጉ። ይህን ላደረገ ሰው ለትብብር ትንተና ከነጻዎቹ ሁሉ እርሱን እመርጣለሁ።

አይሳይት፦ ለሕክምና የተሠራው

ከስድስቱ ለሕክምና ብቻ የተሠራው ይህ ነው፤ ግን እኛ ዘንድ ብዙ አይታወቅም። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ያዘጋጁት ነጻ መሣሪያ ነው። የፐብሜድ መለያ ቁጥሮችን ዝርዝር ትለጥፋላችሁ፤ ለያንዳንዱ ጽሑፍ አንጻራዊ የጥቀሳ ምጣኔ ያወጣል። ዘርፉን የሚለየው በጆርናሉ ስም ሳይሆን ከጽሑፉ ጋር አብረው በሚጠቀሱ ሥራዎች ነው። 1.0 ማለት በተቋማቱ ገንዘብ ከተሠሩ የዘርፉ ጽሑፎች መካከለኛው (በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው) ጋር እኩል ተጠቅሷል ማለት ነው። መለኪያው በአሜሪካ ገንዘብ የተሠራ ሥራ መሆኑን አትርሱ፤ በገጠር ጤና ጣቢያ በአነስተኛ በጀት የተሠራ ጥናት 0.8 ቢያገኝ የሚያሳፍር አይደለም።

ሌላው ጥቅሙ ጽሑፉ በክሊኒካዊ ሙከራዎችና መመሪያዎች መጠቀሱን ማሳየቱ ነው። ስድስት ጊዜ ብቻ የተጠቀሰ፣ ከስድስቱ ግን ሁለቱ ክሊኒካዊ የሆኑ ጽሑፍ ለሕመምተኛው ከሃምሳ የግምገማ ጽሑፍ ጥቀሳ ሊቀርብ ይችላል። ገደቡ ግልጽ ነው፤ ፐብሜድ ውስጥ የሌለ ሥራ እዚህ የለም። የጅማው የኢትዮጵያ የጤና ሳይንስ ጆርናል በፐብሜድ ይገኛል፤ ብዙ የአገር ውስጥ ጆርናሎች ግን አይገኙም።

ዳይሜንሽንስ

ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። ነጻው ክፍል ጽሑፎችንና ጥቀሳን ያሳያል፤ የምርምር ገንዘብን፣ ክሊኒካዊ ሙከራን፣ የፈጠራ ባለቤትነት መብትንና የፖሊሲ ሰነድን የሚያያይዘው ክፍል በክፍያ ነው። ይህ ለማን ይጠቅማል ብትሉ እንደገና እንዶድን አስቡ። አክሊሉ ለማ ግኝቱን በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ አካባቢ ጀመሩ፤ በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ዘገቡ፤ በ1989 ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙ። ከዚያ በኋላ የኦሃዮው ቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን በወራሪ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረቶች ላይ ለመጠቀም የአሜሪካ ፓተንት አወጣ። እንዲህ ያለውን መንገድ ኤች ኢንዴክስ በምንም ተአምር አያሳይም፤ የፓተንትና የፖሊሲ መዝገብ ግን ፍንጭ ይሰጣል።

አንድ ሒሳብ

ዘጠኝ ጽሑፍ ያለው ተመራማሪ እንውሰድ፤ ለምሳሌ የተፈጠረ ነው። ጥቀሳዎቹ 310፣ 42፣ 15፣ 9፣ 6፣ 6፣ 3፣ 1 እና 0 ናቸው። ድምሩ 392 ነው። የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ በ2005 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ስሌት ኤች ኢንዴክሱ 6 ይሆናል፤ ቢያንስ ስድስት ስድስት ጊዜ የተጠቀሱ ስድስት ጽሑፎች አሉትና። አማካዩ 43.6 ሲሆን መካከለኛው 6 ብቻ ነው።

310 ያገኘው ጽሑፍ 200 ደራሲዎች ያሉት የዓለም አቀፍ ጥምረት ሥራ ይሁን። በሲያትል የሚመራው የዓለም የበሽታ ጫና ጥናት የዚህ ዓይነቱ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲዎቻችንም ብዙዎች ይሳተፉበታል። ይህን አንድ ጽሑፍ ብናወጣው ኤች ኢንዴክሱ ከ6 ወደ 5 ብቻ ይወርዳል፤ ድምሩ ግን ከ392 ወደ 82 ይወድቃል። ጥቀሳውን ለደራሲዎች ብናካፍል ደግሞ ከ310ሩ የሚደርሰው 1.55 ነው፤ አራት ሆነው ከጻፉት ባለ 42 ጽሑፍ ግን 10.5 ያገኛል። የራሱ ሥራ የትኛው እንደሆነ አሁን ታየ።

የጥምረት ሥራ ክብር የለውም አልልም። ችግሩ ከራስ ሥራ ጋር ተቀላቅሎ ሲቀርብ ነው። ፐብሜድ ራሱ በጥምረት ጽሑፎች ላይ ደራሲን ከተባባሪ መርማሪ ይለያል፤ ሁሉም ቋቶች ግን ልዩነቱን እኩል አይጠብቁም።

ትብብርን መለካት

ብዙ ማኅደሮች ላይ «ከ40 አገሮች ጋር ተባብሯል» የሚል ይነበባል። አንድ የጥምረት ጽሑፍ ብቻውን 40 አገር ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ የአገር ብዛትን ትታችሁ ይህን ጠይቁ፦ ከአንዱ ባልደረባ ጋር ስንት ጊዜ ደጋግሞ ጽፏል? ከውጭ ተቋም ጋር በተሠሩት ውስጥ የመጀመሪያ፣ የመጨረሻ ወይም ተጠሪ ደራሲ የሆነው በስንቶቹ ነው? የራሱ ተማሪዎች ስማቸው አለ ወይ? ናሙናው ከጎንደር ተሰብስቦ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ደራሲ ከባሕር ማዶ ከሆኑ፣ የትብብር ካርታው ላይ ወፍራም መስመር ቢታይም እኩል ትብብር አይደለም።

ካርታ ለመሥራት በላይደን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ቮስቪወር ነጻ ነው፤ ከስኮፐስ፣ ከዌብ ኦፍ ሳይንስ፣ ከዳይሜንሽንስና ከፐብሜድ የወጡ ፋይሎችን ይቀበላል። ሁለት ነገር አስተካክሉ። አንደኛ፣ ሙሉ ቆጠራን ትታችሁ የተካፈለ ቆጠራን ምረጡ። በዚያው ገጽ የአንድ ጽሑፍ ከፍተኛ የደራሲ ቁጥር አስቀድሞ 25 ሆኖ ይመጣል፤ የጥምረት ሥራዎች ካርታውን እንዳያጥለቀልቁት እንዲሁ ተዉት፤ በሪፖርቱ ላይ ግን ጻፉት። ሁለተኛ፣ ተመሳሳይ ስሞችን የሚያዋሕድ ተራ የጽሑፍ ፋይል አዘጋጁ፤ በአንዱ ዓምድ የተገኘውን አጻጻፍ፣ በሌላው የሚተካውን። የኢትዮጵያ ደራሲዎችን ካርታ ያለዚህ ፋይል መሥራት ከንቱ ድካም ነው።

በአጭሩ በሠንጠረዥ

| ቋት | ዋጋ | የአገር ውስጥ ሥራ ሽፋን | የደራሲ ማንነት | በዘርፍ መመዘን | ለትብብር |
|---|---|---|---|---|---|
| ጉግል ስኮላር | ነጻ | በጣም ሰፊ | በባለቤቱ እጅ | የለም | ደካማ |
| ስኮፐስ | በምዝገባ፣ ጥቂቱ ነጻ | መካከለኛ | ጥሩ፣ ማረም ይቻላል | አለ | ጥሩ |
| ዌብ ኦፍ ሳይንስ | በምዝገባ፣ ውድ | ጠባብ | ጥሩ | አለ | ጥሩ |
| ኦፕንአሌክስ | ነጻ | ሰፊ | ደካማ፣ በኦርኪድ ይሻላል | አለ | በጣም ጥሩ |
| አይሳይት | ነጻ | ፐብሜድ ብቻ | ዝርዝሩን እናንተ ታቀርባላችሁ | አለ፣ ለሕክምና | የለም |
| ዳይሜንሽንስ | ከፊሉ ነጻ | ሰፊ | መካከለኛ | አለ | ጥሩ |

ለማን የቱ?

ምንም በጀት የሌለው ግለሰብ ተመራማሪ በኦርኪድ ይጀምር፣ ጉግል ስኮላር ላይ ገጹን አጽድቶ ይክፈት፣ ከዚያ የፐብሜድ ጽሑፎቹን በአይሳይት ያሳልፍ። ይህ የከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ ሳንቲም አያስወጣም።

ገና ዲግሪውን የጨረሰ ሰው ኤች ኢንዴክስን ይተወው። ቁጥሩ ከዕድሜ ጋር እንጂ ከጥራት ጋር ብቻ አያድግም፤ ሦስት ጽሑፍ ያለው ሰው ከሦስት ሊበልጥ አይችልም። የሁለት ጽሑፎቹን አንጻራዊ ምጣኔና በየጽሑፉ የሠራውን ድርሻ ቢያቀርብ ይሻለዋል።

በአሜሪካ ለመኖሪያ ፈቃድ በምርምር ብቃታቸው የሚያመለክቱ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ የጉግል ስኮላርን ገጽ ያያይዛሉ። ከእርሱ ጋር የአይሳይትን የመቶኛ ደረጃ ጨምሩ፤ ለሕክምና እንግዳ የሆነው መርማሪ «86 ጊዜ ተጠቅሷል» የሚለው ብዙ ይሁን ጥቂት የሚያውቅበት መንገድ የለውምና።

የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴ አንድ ቋት ይምረጥ፣ ለሁሉም አመልካች እርሱኑ ይጠቀም። ምዝገባ ካለ ስኮፐስ፣ ከሌለ ኦፕንአሌክስ ከኦርኪድ ጋር። በተጨማሪ አመልካቹ ራሱ የመረጣቸውን አምስት ሥራዎች ከድርሻው መግለጫ ጋር ያስቀርብና ያንብባቸው። ተመራማሪን በጆርናል ኢምፓክት ፋክተር መመዘንን ከሚቃወመው ከ2012ቱ (እ.ኤ.አ.) የሳን ፍራንሲስኮ መግለጫ ወዲህ ዓለም እየሄደበት ያለው መንገድ ይህ ነው። የተሻሩ ጽሑፎችንም ይፈትሽ፤ የሪትራክሽን ዎች መዝገብ ዛሬ ዲኦአይ በሚመዘግበው በክሮስሬፍ በኩል ለማንም ክፍት ነው።

ዲን ወይም ገንዘብ ሰጪ ከሆናችሁና ጥያቄያችሁ «ገንዘባችን ምን አፈራ» ከሆነ፣ በጀቱ ካለ የዳይሜንሽንስ ክፍያ ትርጉም አለው። ከሌለ ኦፕንአሌክስና ቮስቪወር ይበቃሉ፤ ነገር ግን ስም የሚያጠራ ሰው ቅጠሩበት።

አንድ የዘመን አቆጣጠር ጉዳይ ይቀራል። ኮሚቴው «ከ2012 እስከ 2016 ዓ.ም.» ብሎ ሲጠይቅ ቋቶቹ የሚቆርጡት በፈረንጆች ዓመት ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. ከወጡት ጽሑፎች እስከ ሴፕቴምበር 11 ያሉት የ2015 ዓ.ም. ሲሆኑ ከዚያ በኋላ ያሉት የ2016 ናቸው። በኢንተርኔት የወጣበትና በጥራዝ የታተመበት ቀንም ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ በማኅደሩ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ የቋቱን ስም፣ የተወሰደበትን ቀንና ዘመኑ የማን አቆጣጠር እንደሆነ፣ ራስን መጥቀስ መውጣት አለመውጣቱን፣ ከ25 በላይ ደራሲ ያላቸው ጽሑፎች መቆጠር አለመቆጠራቸውን ጻፉ።